ያልተጠራችባቸው

የልደት ካርዷን ስሻ፣ ለመታወቂያ ብላኝ፣
ከባናው እጥፋት ውስጥ ወረቀት ወደቀብኝ።
የደሞዝ ደረሰኝ ነው፣ ከብርድ ልብስ ፋብሪካ፣
ጀርባውን በስም ሞልቼው ኖሯል ለካ።
አስራ አንድ ስሞች፣ ሁሉም ተሰርዘው፣
እንደ ገብስ ዛላ ባንድ ፊት ታጭደው።
እሷ የምትጠራበት ከነሱ መሐል የለም።

የመጀመሪያው የኔ ነው፤ አላፍርም ብናገር።
ከሸዋ ሮቢት ስንመለስ፣ አውቶቡሱ ጣርማበር
ዋሻው ውስጥ እንደገባ ምጥ ያዛት አፀደን፤
ሹፌሩ ጡሩምባውን ነፋ፣ እንደ ሙሽራ ሊያደርሰን።
«ሴት ከሆነች» አልኩኝ «ስሟ ይሁን ዋሻወርቅ»፤
በምጥ መሐል እንደዚያ ሲስቅ ሰው አይቼም አላውቅ።

አያ ድፋባቸው ደግሞ፣ ያፀደ አጎት፣ ከመሐል ሜዳ፣
ሙክት ጎትቶ መጣ በዚያ በውርጭ ማለዳ።
ባቄላው ባንድ ሌሊት ጠቁሮ አድሮበታል፤
«ውርጭነሽ በሏት» አለ፣ «የፈሩት ስም ይጠብቃል፤
ውርጭ በስሙ ሲጠሩት ያፍራል፣ ደጅ አይረግጥም።»
ሙክቱን በላን እንጂ ስሙን አልወሰድንም።

የፈረቃ አለቃዬ ሸዋንግዛው መጥቶ አየና፣
«አስራ ሁለት ቀን አሳልፋ አይደል የመጣችው ገና?
ትርፍሰዓት ናት!» አለኝ። ይህንንም ጽፌዋለሁ፣
ሲሄድ ልሰርዘው ብዬ፤ ሰው ማስቀየም እፈራለሁ።

እታለማሁ እህቴ ካለም ከተማ ደወለች፤
«ስሟን በህልሜ አይቻለሁ፣ ስማኝ» ብላ ጀመረች፤
መስመሩ ተንጫጭቶ ጭራው ብቻ ደረሰኝ፦
«…ወርቅ» ብሎ ተቋረጠ፣ ፊተኛውን ጉም በላብኝ።
በሳምንቱ ስደውል ህልሟ ጠፍቷት ነበር።
እሱም አለ ወረቀቱ ላይ፦ ሰረዝና «ወርቅ»፣ ከዳር።

ቀሪዎቹማ… አንዱ የበሬሳን ወንዝ፣
አንዱ ያኔ የነበረንን የሬዲዮ ማርካ ሲይዝ፣
አንዱን ራሴው ጽፌው ራሴው ማንበብ አቃተኝ፣
ዶሮ የጫረችው እንጂ የኔ እጅም አልመሰለኝ።

ከታች ግን ቀዳዳ አለ።

እናቴ ናት። ክፉ አላለችም፤ የምታውቀውን አለች፦
«ምትኬ በሏት፤ ለሄደው ምትክ ሆና መጣች።»
የሄደው፦ አርባው ሳይሞላ፣ ገና ባስራ ዘጠኝ ቀን፤
ስም እስክናወጣለት «ማሙሽ፣ ማሙሽ» እያልን፣
በማሙሽ ቀረ።

አፀደ ያኔ አራስ ናት፤ ለቁጣ አቅም የላትም፤
እስክሪብቶውን ከጄ ወስዳ፦ «ይህቺ የማንም አይደለችም
ምትክ። የሱም ቦታ የሱ ነው፣ አይሞላም» ብላ
ሰረዘችው። ደግማ ሰረዘችው። እስክሪብቶው ወረቀቱን በላ።

እናቴ ነጠላዋን ስባ አፏ ላይ አደረገች።
በዚያው ሰሞን ድመት አገባን፤ ዋሻወርቅ እሷ ተባለች፣
አስራ ሦስት ዓመት ከልጄ ጋር ባንድ ባና አደገች።

ስሙማ፣ የምትጠራበት፣ ጠባሴ ጤና ጣቢያ ነው የወጣ፤
ነርሷ «ስም?» ብላ ስትጠይቅ፣ እኔ ገና ሳመነታ፣
አፀደ አንዲት ቃል አለች። ከየት አመጣሽው አላልኩም።
ወደኔ ዞራም አላየችኝ። እኔም ቃል አልወጣኝም።

ዛሬ ልጄ ወረቀቱን ነጠቀችኝና በሳቅ ሞተች፤
«ትርፍሰዓት!» እያለች ጠረጴዛውን ደበደበች፤
«ውርጭነሽማ ይሁን፣ በዚህ ብርድ ማን ይወቅሰኛል?»
ፎቶ አነሳችው፣ ለጓደኞቿ። ከዚያ ሳቋ ቀነሰ መሰለኝ፤
ጣቷን ቀዳዳው ውስጥ ከትታ፣ በወዲያ በኩል እያየችው፣
«እዚህስ ምን ነበር፣ አባ? ማን ነው የቀደደው?»

«አይጥ ነው» አልኳት።

«ዋሻወርቅ እያለች?» አለች።

ወረቀቱን በጥንቱ እጥፋት አጥፋ ኪሴ ውስጥ ከተተች፤
ካርዱም ተገኘ፣ ከባናው ስር። ሰልፉ ሳይረዝም ወጣን።
መንገዱ ላይ ውርጩ ገና ከሣሩ አልለቀቀም ነበር።